አየር የገፋው ብርሃን

ቪዲዮው የተለቀቀው ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ የሚካኤልን ማኅበር በሚደግስበት ዕለት ነው። ቀኑን የመረጠው ሓዱሽ ነው። ስለ መልአክ የሚያወራ ነገር በሚካኤል ዕለት ቢለቀቅ ሰው ይሻማበታል ብሎ ነበር፤ አልተሳሳተም። ካዛንቺስ ስቱዲዮአችን ስደርስ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ መቶ ሰባ ሺህ ሰው አይቶታል።

ጃኬቴን ሳላወልቅ «አውርደው» አልኩት።

ሓዱሽ ቦንቦሊኖውን እያኘከ ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነው። ትናንት ደውዬ ይህን ክፍል አቆየው ብዬ ስለምነው «እሺ እናያለን» ብሎኝ ነበር። የሓዱሽ እሺ እናያለን እንቢ ማለት መሆኑን በሦስት ዓመት ውስጥ ማወቅ ነበረብኝ።

ቻናሉ የእሱ ነው። ጽሑፉን የምጽፈው፣ ምስሉን የምቀጣጥለው ደግሞ እኔ ፍሬሰላም ነኝ። የሚያነበው ኮምፒውተር ነው፤ ወፈር ብሎ ረጋ ያለ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው የሚመስል ድምፅ አለው። ተመልካቹ ከሥር «አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን» እያለ ይጽፍለታል። አባታቸው እኔ ነኝ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ቁጡ ሴት፣ ከሰማይ መጡ በሚባሉት እንግዶች ቅንጣት ታህል የማታምን። ስድሳ ሁለት ክፍል ጽፌያለሁ። የጥንት ሰዎች አማልክት ያሏቸው ከሌላ ዓለም የመጡ መንገደኞች ናቸው ብያለሁ። ነቢያት ያዩት የእሳት መንኮራኩር መርከብ ነው ብያለሁ። አለቱን ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያደረጉት የኛ ሰዎች ሊሆኑ አይችሉም ያልኩ ዕለት ብቻ ትንሽ አሞኝ ነበር፤ የአያቶቼን መሮ ከእጃቸው የቀማሁ መሰለኝ። ግን ጻፍኩት፤ ብዙ ሰውም ወደደው።

ስድሳ ሁለተኛው ክፍል የአባቴ ነው።

አባቴ መምህር ገብረክርስቶስ ቂርቆስ አካባቢ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ተማሪዎቹ በሌለበት «ጋሽ ስበት» ይሉት ነበር። ላንቻ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። የዓይን ግፊት ቀኝ ዓይኑን ካጠፋው ሦስት ዓመት ሆነው፤ በግራው የቀረችው በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ነች። ስታዲየም አካባቢ የምታክመው ዶክተር ሰብሪና፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ያቺ ቀዳዳ ልትተርፍ ትችላለች ብላናለች። ስምንት ወር ለመንኩት። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስይዤ ሁለቴም ቀረ። ሦስተኛው የፊታችን ሰኞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትመጡም የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል ብላኛለች ዶክተሯ።

እንቢ የሚለው ቢላዋ ፈርቶ ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር። አባቴ የሚፈራው ነገር የለም። ምክንያቱን ያወቅሁት ነሐሴ ላይ፣ እንቢታው ሲያንገበግበኝ ቆይቶ አንድ ቀን ጮኼበት ሳለቅስ ነው። ያን ጊዜ አስቀመጠኝና ለሰው ነግሮት የማያውቀውን ነገረኝ።

ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ በጠና ታማ ዋድላ ውስጥ ወደ አንድ የሚካኤል ጠበል ወስደዋት፣ እሱም አጠገቧ ተኝቶ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ከጽዶቹ በላይ ክብ ብርሃን ሲወርድ አየ። ድምፅ አልነበረውም። በመካከሉ የቆመ አለ። «ዓይንህ አይቷል፤ ከእንግዲህ አትፍራ» አለው። ሲነጋ እናቱ ከስንት ወር በኋላ በእግሯ ቆመች። ብርሃኑ ካረፈበት በታች ያለው ሣር ደግሞ ክብ ሠርቶ ተኝቶ ነበር። «ሣሩ እንኳ ሰግዶ አደረ፣ ፍሬ» አለኝ፤ ይህን ሲናገር ፊቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

እንግዲህ ለአባቴ ማየት ማለት ያ ነው። የሚታየውን አይቷል። ዓይኑ ቢጠፋ የሚቆጨው ነገር የለም፤ አትፍራ ተብሏል፣ አይፈራም። ከንስሐ አባቱ በቀር የሰማው እንደሌለ፣ እኔም ለሰው ብነግር ግዝት መሆኑን ነግሮኝ ወደ አልጋው ሄደ።

እኔ ሌላ ልጅ ብሆን ኖሮ በሰማሁት ነገር ልቤ በተነካ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አንድ ብርሃን፣ ያውም የዛሬ ስድሳ ስንት ዓመት የታየ፣ የአባቴን ዓይን ሊወስድብኝ ነው። በማግስቱ ሓዱሽ ተመልካቹ የፈረንጅ ተረት ሰልችቶታል፣ የሀገር ቤት ታሪክ አምጪ ሲለኝ ቁጭ አልኩና በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። አገሩን ቀየርኩ፣ ታቦቱን ገብርኤል አደረግሁት፣ ልጁን ስም ነሣሁት። ስም ከሌለው ለሰው ነገርኩ አይባልም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ በስድሳ ሁለት ክፍል ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ የሚሻለውን አንቀጽ ጻፍኩ፦ «ሣር አይሰግድም። ሣር የሚተኛው ከላይ የሚገፋው አየር ሲኖር ነው። መልአክ አየር መግፋት አያስፈልገውም። ሲወርድ አየር የሚገፋ ነገር ክብደት አለው፤ ክብደት ያለውን ነገር ደግሞ በሰማይ ላይ የሚያቆመው ሞተር ነው።»

ይህን ጽፌ ስጨርስ ቀለል አለኝ። ብርሃኑን የደበደብኩት ያህል። ጸጸቱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ለሓዱሽ አቆየው ለማለት የደፈርኩት ግን ትናንት።

«ፍሬ፣ ማለቴ፣ እንዲህ የሄደ ነገር ኖሮን አያውቅም» አለ ሓዱሽ። «ስም የለው፣ ፎቶ የለው። ማን ያውቀዋል?»

«የአባቴ ታሪክ ነው። ለሰው ብነግር ግዝት ነው ብሎኛል።»

ማኘኩን አቆመ። ሓዱሽም የሰው ልጅ ነው፤ ግዝት ስል እጁ ሳያውቀው ወደ አንገቱ ማተብ ሄደ። ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ኮምፒውተሩን አየ። ቁጥሩ እያየነው ይጨምር ነበር።

«ሰኞ አወርደዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «በቃ፣ ቅዳሜና እሑድን ይሂድ። ሰኞ ጠዋት አታገኚውም።»

የተናገርኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። የይለፍ ቃሉ ያለው እሱ ጋ ብቻ ስለሆነ ከስድብ በቀር የምችለው ነገር አልነበረም። ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ።

አባቴ የሚይዘው ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ነች፤ ከመደወል ሌላ አታውቅም። ሬዲዮ ብቻ ነው የሚሰማው። በሌላ ቀን ቢሆን ቪዲዮው ለሦስት ቀን ቀርቶ ለሦስት ዓመት ቢቆይ ጆሮው አይደርስም ነበር። ዛሬ ግን አሥራ አንድ ማኅበርተኛ፣ አብዛኛው ከልጅ ልጆቹ ስልክ የተገዛለት፣ እቤቱ ሊሰበሰብ ነው። እዚያ ደርሼ በር ላይ ቆሜም ቢሆን መጠበቅ አለብኝ አልኩ። እንዴት እንደምጠብቅ ግን አላውቅም።

ከፈረሱት ቤቶች ፊት የተዘረጋውን የቆርቆሮ አጥር ይዤ እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ ስታዲየም በሚል ታክሲ ገባሁ። ስታዲየም ወርጄ ላንቻ የሚል ሌላ ያዝኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን ከጆሮዋ አስጠግታ ትሰማ ነበር፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲላት እንኳ ከጆሮዋ ሳታነሳ ነው የሰጠችው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ታክሲው ሲናጥ ድምፁ ከፍ አለባትና ያ የኮምፒውተር ሽማግሌዬ «ሣር አይሰግድም» ሲል ሰማሁት። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ምንድነው እሱ ብሎ ጠየቃት። ላንቻ ከመድረሳችን በፊት ሊንኩን ልካለት ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። የሚመጣውን በእግሩ ኮቴ ይለያል። «ፍሬ፣ ምን አስሮጠሽ?» አለኝ ገና ከግቢው በር። ረፈደብኝ ብዬ ነው አልኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው የምለው፤ ማኅበርተኛ ፊት ግን እርስዎ እላለሁ፣ ደስ ይለዋል። ምግቡን ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽ ከትናንት ጀምረው ሲሠሩ ስላደሩ የእኔ ሥራ ማስተናገድ ብቻ ነበር።

እንደዚያ ቀን አስተናግጄ አላውቅም። ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሳህን አቀብላለሁ። ወሬ ቀዝቀዝ ሲል ስለ ኮንዶሚኒየም እጣ፣ ስለ ዘይት፣ ስለማንም ልጅ ሠርግ አነሳለሁ። አንድ ስልክ በጠራ ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ ብሉ እንጂ እላለሁ። ቀሲስ ልዑልቃል ጸሎቱን አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ቀሲስ የአባቴ ንስሐ አባት ናቸው፤ እንግዲህ ታሪኩን የሚያውቁት በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን። ሰዓቱ ወደ ስምንት ሲሄድ፣ ሁለተኛው ዙር ሲቀዳ፣ የተረፍኩ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ሀብትነሽ ከነጠላቸው ሥር ስልካቸውን ያወጡት።

እትዬ ሀብትነሽ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ወንበራቸው ከአባቴ ቀጥሎ ነው። የልጅ ልጃቸው ጠዋት የላከላቸውን ነገር ሰምተው እንደተቃጠሉ፣ በሚካኤል ዕለት እንዲህ ያለ ክህደት ሲነገር ማኅበሩ ዝም ብሎ መብላት እንደማይገባው ተናገሩ። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው አልኳቸው። ማኅበር ላይ ስልክ ነውር እንደሆነ አሳሰብኩ። ጠላ ልጨምርልዎ ብዬ ዋንጫቸውን ከፊታቸው ላነሳ ስል እጄን ቀስ አድርገው ገፉና ከፈቱት።

ወፍራሙ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «አንድ ሕፃን ልጅ ከታመመች እናቱ ጋር ጠበል ቦታ ተኝቶ ሳለ፣ ሊነጋጋ ሲል…» አለ።

አባቴን ነው የማየው። መጀመሪያ ራሱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ በጣም ቀስ እያለ ፊቱ ፈካ። እጁን ዘርግቶ የእትዬ ሀብትነሽን ክንድ ያዘና ከፍ አድርጊው አላቸው። የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎት ነው። ስድሳ ስንት ዓመት ብቻውን ይዞት የኖረውን ነገር ሌላም ልጅ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ታቦት ያየ መስሎት ደስ ብሎት ነው። በሕይወቴ ያን ያህል ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ድምፁ ቀጠለ። «ዓይንህ አይቷል፤ ከእንግዲህ አትፍራ» አለ። ቀጥሎ ስለ ሣሩ አለ። የአባቴ እጅ ከእትዬ ሀብትነሽ ክንድ ላይ ወርዶ ጭኑ ላይ ተቀመጠ።

ቀሲስ ልዑልቃል ሰምተው ገርጥተዋል። የንስሐ ልጃቸውን ምሥጢር ከስልክ ሲሰሙ፣ እሳቸው አወጡት ተብሎ እንዳይታሰብ ይሆን፣ ወይስ አዝነው፣ ብቻ «ይብቃሽ ሀብትነሽ፣ ዝጊው፤ ጠላት ያወራውን ሁሉ መስማት የለብንም» አሉ።

«ይሰማ፣ አባታችን» አለ አባቴ።

ተሰማ። ሣር አይሰግድም የሚለው፣ መልአክ አየር መግፋት አያስፈልገውም የሚለው፣ ክብደቱ፣ ሞተሩ፣ ሁሉም ተሰማ። ሲያልቅ አባቴ ያቺን መጨረሻ ላይ ያለችውን መልሺልኝ አለ። እትዬ ሀብትነሽ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ሁለት ሦስቴ ስተው፣ መለሱለት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ አንገቱን አላነቃነቀም፤ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ከኋላ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ቤቱ ተንጫጫ። ውሸት ነው ያለ አለ። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ያየው ነው ያለ አለ። ሐሳዊ መሲሕ በአየር ላይ ነው የሚመጣው፣ ይኸው ጀመረ ያለም አለ። እትዬ ሀብትነሽ ሁሉንም አስቆሙና እጃቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው፣ ይህን ከአፉ ያወጣውን ሚካኤል በሰይፉ፣ ብለው ሲጀምሩ አባቴ ከለከላቸው።

«አትርገሚ» አለ። «የሚያለቅስለት ወላጅ ይኖረዋል።»

የያዝኩትን የብርጭቆ ትሪ መሬት አስቀመጥኩ።

ከማኅበርተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው አባዲ የአባቴ ተማሪ የነበረ ነው። ነገሩን ለማብረድ ብሎ፣ እየሳቀ «መምህር፣ በፊዚክስስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አየር የሚገፋ ነገር ክብደት አለው የሚሉት ልክ ነው?» ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። ሰዎቹ የሚጠብቁት እንደ ልማዱ ሁለት ነገር ተናግሮ ነገሩን ድምጥማጡን እንዲያጠፋው ነው። እኔም የጠበቅሁት ያንን ነው። እባክህ ውሸት ነው በል አልኩ በሆዴ።

አባቴ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ልክ ነው» አለ።

አባዲ ሳቁን ዋጠ። እትዬ ብርነሽ ከጓዳ ወጥ ይጨመር ወይ ብለው ጠየቁ።

በኛ ማኅበር ጽዋው ወደሚቀጥለው ተረኛ ከመተላለፉ በፊት ቀሲስ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ በልቡ ቂም የያዘ አለ ወይ ይላሉ። ቂም ካለ ጽዋው ከዚያ ቤት አይወጣም። ባለቂሙ ስሙን ጠርቶ ይናገራል፣ የበደለውም ተነሥቶ እግር ይስማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚተላለፈው። ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። በሌላው ወር ሁሉ ግን ጥያቄው ሳያልቅ ነው ሁሉም በአንድ አፍ የለም የሚሉት።

ቀሲስ በዚያ ቀን ጥያቄውን ቀስ ብለው ጠየቁ። ሲጠይቁም ፊታቸው ወደ አባቴ ነበር። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው የለም አሉ። አባቴ አላለም።

ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጭኑ ላይ ነው። ሁለት እጆቹን አደረገበት። ቀሲስ ጠበቁ። እትዬ ሀብትነሽ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ስለነበሩ ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘርግተዋል፣ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ስሜን ይጠራል አልኩ። ይጥራኝ፣ እግሩ ላይ ልውደቅ፣ ሁሉም ይወቀው አልኩ። ራሴም መናገር እችል ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድና እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው። በስድሳ ሁለት ክፍል ለስንት ሺህ ሰው ምላሴን የፈታሁ ሴት አሥራ አንድ ሽማግሌ ፊት ምላሴን ዋጥኩ። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«የለም» አለ አባቴ። ጽዋውን አነሣና አስረከበ።

እንግዶቹ ቶሎ ቶሎ ተበተኑ። ቀሲስ የመጨረሻው ሆነው ወጡ፤ መስቀላቸውን ሲያሳልሙኝ ዝቅ ብለው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ አሉኝ። ምንም አልጠየቁኝም። እትዬ ብርነሽ ዕቃውን አጣጥበው ሄዱ። አባቴ ከወንበሩ አልተነሣም። ፊት ለፊቱ ያለው የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ ወድቋል፣ እሱ ግን ፊቱን አላዞረም። ከእግሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስለ ሣሩ የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። ለቀሲስ እንኳ አልነገርኳቸውም።»

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣኝም። እኔ መለፍለፍ ጀመርኩ። በንዴት እንደጻፍኩት፣ ዓይኑን እንዲታከም ፈልጌ እንደሆነ፣ ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ እንደማላምንበት ነገርኩት። ሓዱሽ ሰኞ እንደሚያወርደው፣ ካላወረደው ሥራውን እንደምተው ነገርኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ድምፄን ስሰማው ነው።

«ማመን አለማመንሽን አይደለም እኮ የማስበው» አለ። «በንዴት የተሠራ ስሌትም ልክ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለስንት ልጅ፣ የሚገፋ ነገር መልሶ ይገፋል እያልኩ አስተማርኩ። የሣሩን ነገር አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አላወጣሁትም። ለምን አላወጣሁትም? ለቀሲስስ ለምን ደበቅኋቸው?» ከዚያ «ፈርቼ ነበር ማለት ነው» አለ።

እናቱ ተነሥታ መቆሟን አነሣሁበት። ተነሥታለች አለ፤ ግን ጠበሉ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፣ ሌሎችም ተነሥተዋል። ያናገረህስ አልኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም አለኝ። ንፋስ ሊሆን ይችላል፣ ከብት ተኝቶበት ይሆናል፣ ሣሩን ብቻ ተወው አልኩ። ከብት ክብ ሠርቶ አይተኛም አለኝ፤ ይህን ሲል ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። ሰውን ያላመንኩበትን ስድሳ ሁለት ጊዜ ያሳመንኩ ሰው ነኝ። በዚያች ሰዓት ያ ብርሃን እውነት እንዲሆን ከአንጀቴ ፈለግሁ፣ አንድ ሰው ብቻ ላሳምን ፈለግሁ፣ አቃተኝ። ያቃተኝም እሱ ራሱ ባስተማረኝ ፊዚክስ ነው።

አንድ ጊዜ እጁን አንሥቶ ግራ ዓይኑን ሸፈነ። ከዚያ ገለጠው። ደግሞ ሸፈነው። ቀኝ ዓይኑ ስለማያይ ሲሸፍነው ጨለማ ነው። ምን እያደረገ እንደሆነ ሲገባኝ እጁን ያዝኩት።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ምኑ?»

«ሐኪሟ ጋ።»

ስምንት ወር ሙሉ ይህችን ጥያቄ ከአፉ ለመስማት ለምኛለሁ፣ ጮኼያለሁ፣ ተስዬአለሁ። ሲጠይቀኝ ምን እንደምሆን አስቤም አውቃለሁ፤ ዘልዬ አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ፣ ለዶክተር ሰብሪና ወዲያው እደውላለሁ ብዬ ነበር። ከምንጣፉ አልተነሣሁም።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኩት።

«በጊዜ እንድረስ እንግዲህ።» እጁ በእጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተ። ለማለት ያፈረው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ አባቴ አፍሮ አላውቀውም። «ፍሬ» አለኝ፣ «ሲሠሩኝ ሰው አጠገቤ እንዲቆም ይፈቅዱ ይሆን?»

«ይፈቅዳሉ» አልኩት፤ ይፍቀዱ አይፍቀዱ ሳላውቅ።